በቡሳን ወደብ የተጣደ ድስት

በእኛ ሥነ ጽሑፍ ጦርነት ሲነሣ ጎራዴው፣ ፈረሱና ፉከራው አብሮ ይነሣል፤ ድስቱ ግን አይነሣም። ስንቅ ያዘጋጁት፣ እህል የፈጩትና ሠራዊቱን ከኋላ የተከተሉት እናቶች በታሪክ መጻሕፍታችን ውስጥ ቢበዛ አንድ መስመር ቢያገኙ ነው። እኔ ቀን ቀን የሰው ገንዘብ፣ ማታ ማታ ደግሞ የራሴን ስንኝ የምቆጥር የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ የታሪክ ሊቅ አይደለሁም። ይሁን እንጂ ይህ የድስቱ መረሳት ሲከነክነኝ ኖሯል። ሐሳቡን በጽሑፍ እንዳሰፍር የገፋፋኝም የገዛ አገሬ ድስት ሳይሆን የሩቅ ምሥራቅ ሾርባ ነው፤ የኮርያዋ የወደብ ከተማ የቡሳን ሾርባ። አባቶቻችን ዘማቾች ከተማዋን «ፑሳን» እያሉ ይጠሯት ነበር።

የሾርባው ስም «ድዌጂ ጉክባፕ» ነው። ስሙ ምሥጢር የለውም፤ «ድዌጂ» ማለት አሳማ፣ «ጉክ» ማለት ሾርባ፣ «ባፕ» ማለት የበሰለ ሩዝ ነው። ኮርያውያን «ባፕ» ሲሉ ሩዙንም ማዕዱንም ማለታቸው ነው፤ እኛ «እንጀራ» በሚለው አንድ ቃል ምግቡንም ኑሮውንም እንደምንጠራው ማለት ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ «ባፕ በላህ ወይ?» ብሎ ደኅንነትን መጠየቅ በኮርያ የቆየ ልማድ ነው። ይህን ጥያቄ ከሰላምታ የቆጠረ ሕዝብ ረኀብን በሚገባ የሚያውቅ ሕዝብ መሆኑን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። እኔ የአሳማ ሥጋ አልበላም፤ አብዛኛው አንባቢዬም እንደማይበላ እገምታለሁ። በአገራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በዚህ ጉዳይ አንድ ነው። ስለዚህ ከእኔ የጣዕም ምስክርነት የሚጠብቅ ሰው ቢኖር አያገኝም። የሳበኝ ድስቱ የተጣደበት ዘመንና ቦታ ነው።

ሩዝን ከሾርባ ጋር በአንድ ሳህን ማቅረብ ራሱ ከጦርነቱ እጅግ የቀደመ ነው። በጆሶን ነገሥታት ዘመን (1392–1897) መንገደኛ በሚያርፍባቸው «ጁማክ» በሚባሉ ቤቶች፣ በገበያም ቀን በገበያው ዳር፣ ሴቶች ትልልቅ ድስት ጥደው ጉክባፕ ይሸጡ ነበር። ነጋዴው ቸኩሏል፤ ወጥና ሩዝ በየሳህኑ ተለይቶ እስኪቀርብለት አይጠብቅም፤ በአንድ ሳህን፣ በአንድ ማንኪያ ጨርሶ ወደ ዕቃው ይመለሳል። ያን ጊዜ የሚከበረው የከብት አጥንት ሾርባ ነበር። በሬ ግን የእርሻ ጉልበት ስለሆነ መንግሥቱ በየጊዜው ዕርዱን ይከለክል ነበር፤ የከብት ሥጋ ክብሩ የጨመረው በዚህም ምክንያት ይመስለኛል።

አሠራሩን በጥቂቱ ልግለጸው፤ ታሪኩ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። የአሳማው ቅልጥምና አጥንት ደሙ እስኪወጣ በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያም ለረጅም ሰዓታት ይፈላል። መቅኔውና ስቡ ከውኃው ጋር ሲዋሐድ መረቁ ነጥቶ ወተት ይመስላል፤ አንዳንዱ ቤት ደግሞ ቀለል አድርጎ ጥርት ያለ መረቅ ያወጣል። ቅቅል የሚወድ ሰው እስከዚህ ድረስ ነገሩ አይጠፋውም። የተቀቀለው ሥጋ በስሱ ይቆረጥና ጥቁር የሸክላ ጎድጓዳ ውስጥ በሩዙ ላይ ይደረደራል። ጨው በጨውነቱ አይገባም፤ በምትኩ በጨው ተቀብሮ የሰነበተ፣ ከጥፍር ያነሰ ሽሪምፕ ይጨመርበታል። ከጎን የሚቀርበው ቀጭን አረንጓዴ ቅጠል ከነጭ ሽንኩርት ዘመድ ነው፤ የአገሩ ሰው በአጠቃላይ «ቡቹ» ሲለው የቡሳን ሰው በራሱ ዘዬ «ጆንጉጂ» ይለዋል። በላዩም ከእኛ ድልህ ጋር ወንድማማች የሆነ የበርበሬ ልቁጥ ጣል ይደረግበታል። ሲማሰል ነጩ መረቅ ይቀላል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን «ቶርዮም» የሚሉት ጥበብ ነው። ሩዝን አሙቆ የሚያቆይ የኤሌክትሪክ ዕቃ ባልነበረበት ጊዜ፣ ጠዋት የተቀቀለ ሩዝ እስከ ቀትር ቀዝቅዞ ይደርቃል። ስለዚህ ሴትዮዋ ቀዝቃዛውን ሩዝ ጎድጓዳው ውስጥ ታደርጋለች፤ ከሚፈላው ድስት በጭልፋ ጨልፋ ታፈስበታለች፤ ሩዙን በጭልፋው ጀርባ ደግፋ መረቁን ወደ ድስቱ መልሳ ታንቆረቁራለች። ደግማ ታፈሳለች፤ ደግማ ትመልሳለች። ይህን ጥቂት ጊዜ ስትመላልሰው ሩዙ እስከ ውስጡ ይሞቃል፤ እያንዳንዷ ፍሬም መረቁን ትለብሳለች፤ ሾርባው ደግሞ አፍ ሳያቃጥል ወዲያው የሚበላ ይሆናል። ልብ በሉ፤ ከእያንዳንዱ ሰው ጎድጓዳ የተመለሰው መረቅ እዚያው የጋራ ድስት ውስጥ ይገባል። ከምሽቱ የመጨረሻ እንግዳ ፊት የሚቀርበው ሾርባ በዚያ ቀን በበሉት ሰዎች ሁሉ ሩዝ ውስጥ አልፎ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ዘመኑ እንሂድ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተለየ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቡሳን በ1876 በተፈረመ ውል ለጃፓን ንግድ የተከፈተች፣ ከዚያም በቅኝ ግዛት ዘመን የጃፓን መግቢያ በር የሆነች ከተማ ነበረች። በ1945 ነጻነት ሲመጣ ጃፓኖች በዚያ በር ወጡ፤ በጃፓን አገር በጉልበት ሥራና በስደት ሲኖሩ የነበሩ ኮርያውያንም በዚያው በር በብዛት ተመለሱ። ወደ ትውልድ መንደራቸው የሚሄዱበት ገንዘብ ያጡት እዚያው ቀሩ። እንግዲህ ከተማዋ ጦርነቱ ሳይጀመርም በፊት ተፈናቃይ የሞላባት ነበረች።

ጁን 25 ቀን 1950 ጦርነቱ ፈነዳ። በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ የደቡቡ መንግሥት ይዞታ ተሸርሽሮ ከናክቶንግ ወንዝ ወዲህ ያለ አንድ ጥግ ብቻ ቀረ፤ የዚያ ጥግ እምብርት ቡሳን ነበረች። በኦገስት 1950 ጊዜያዊ ዋና ከተማ ሆነች። ሴኡል ነጻ ስትወጣ መንግሥቱ ወደ ሰሜን ተመለሰ፤ ቻይና ጦርነቱን ስትቀላቀል ግን በጃንዋሪ 1951 እንደገና ወደ ቡሳን ወረደ፤ እስከ 1953 ድረስም አልተነቃነቀም።

በዲሴምበር 1950 በሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ካለው ከሁንግናም ወደብ ጦሩ በመርከብ ሲያፈገፍግ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሲቪል ሕዝብ አብሮት ወጣ። «ሜረዲዝ ቪክቶሪ» የተባለችው የዕቃ መርከብ ለ12 መንገደኛ ብቻ የተዘጋጀች ስትሆን 14,000 ሰው ጭና ተነሣች። በጉዞው ላይ አምስት ሕፃናት ተወለዱ። ቡሳን ስትደርስ «ከተማው ሞልቷል፤ የምናሳርፍበት የለንም» ተባለችና ወደ ኮጄ ደሴት እንድትሄድ ታዘዘች። በገና ሰሞን ነው፤ በማደሪያው ስፍራ ስለ መታጣቱ የሚናገረውን የወንጌል ምዕራፍ ከዚህ ጋር ለማዛመድ ደራሲ አያስፈልግም።

በ1949 ነዋሪዋ ከግማሽ ሚሊዮን በታች የነበረችው ቡሳን በ1955 ከአንድ ሚሊዮን አልፋ ነበር። ሰዉ ወደ ተራሮቹ ወጣ፤ በካርቶን፣ በቆርቆሮና በሳንቃ ጎጆ ቀለሰ። አሚ በሚባለው ሰፈር ተፈናቃዮች የቆሙበት መሬት የጃፓኖች መካነ መቃብር ነበር፤ የመቃብሩን ድንጋይ መሠረትና ደረጃ አድርገው ቤት ሠሩበት። የሟቾች ስም የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ዛሬም በአንዳንድ ግድግዳዎች ሥር ይታያሉ። በ1934 የተከፈተው የዮንግዶ ድልድይ ደግሞ መፈላለጊያ ሆነ። በመንገድ የተለያየ ቤተ ሰብ «ቡሳን ከደረስህ ከድልድዩ ሥር እንገናኝ» ተባብሎ ነበርና፣ የጠፉ ሰዎች ስም የተጻፈባቸው ወረቀቶች በዚያ ይለጠፉ ጀመር። ጠንቋዮችም በአካባቢው ተቀምጠው «ልጄ በሕይወት አለ ወይ?» ለሚሉ እናቶች መልስ ይሸጡ ነበር። በ1953 ህዮን ኢን የዘፈነው ስመ ጥር የኮርያ ዘፈን ኩምሱን የተባለች እኅቱን በሁንግናም ወደብ ያጣ ተፈናቃይ ስለ እርሷ የሚያዜመው ነው፤ ያ ድልድይም በውስጡ ይነሣል።

ይህ ሁሉ ሰው ይበላ ዘንድ ግድ ነው። ምን ይበላል?

እዚህ ላይ ታሪክ ጸሐፊዎች ይለያያሉ፤ ክርክሩ ራሱ ደስ ይለኛል። አንደኛው ወገን «የከብት አጥንት ስለጠፋ ተፈናቃዮቹ ከዕርድ ቤት የተጣለውን የአሳማ አጥንትና ጭንቅላት፣ ከጦር ሰፈሩ የወጣውንም ትርፍራፊ አሰባስበው የለመዱትን ሾርባ አስመስለው ሠሩ» ይላል። ሁለተኛው «የለም፤ በሰሜኑ ክፍል የአሳማ ሾርባ ቀድሞም የታወቀ ነበር፤ ሰሜኖቹ ይዘውት ወረዱ እንጂ አልፈጠሩትም» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ከቡሳን ብዙም የማትርቀውን ሚርያንግን ይጠቅሳል፤ በዚያች ከተማ ገበያ ሾርባው ከጦርነቱ በፊት ይሸጥ እንደነበር የሚናገሩ ቤተ ሰቦች አሉ።

ለእኔ ሦስቱም ሊታረቁ የሚችሉ ናቸው። ሾርባው በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው እጅ አልተወለደም። የጦርነቱ ድርሻ ሌላ ነው፤ የአንድ አካባቢ ምግብ የነበረውን የሁሉ ምግብ አደረገው። ተፈናቃዩ የሚያውቀው የአሠራር መንገድ አለ፤ የሚያውቀው ዕቃ ግን የለም። ስለዚህ ዕቃውን ይተካል። በሬውን በአሳማ ተካ። ከሰሜን የመጣው ሰው ቀዝቃዛውን የአገሩን ፓስታ ይሠራበት የነበረው ጥቁር ስንዴ ሲታጣ ከእርዳታ በመጣ የስንዴ ዱቄት ሠራው፤ እርሱም «ሚልምዮን» ተብሎ እስከ ዛሬ የቡሳን መታወቂያ ነው። ከዚህ የከፋም ነበር። ከጦር ሰፈር ወጥ ቤት የተጣለ ፍርፋሪ እንደገና ተፈልቶ «የአሳሞች ገንፎ» በሚል መራራ ስም ለረኀብተኛ ይሸጥ ነበር፤ ማንኪያ ውስጥ የሲጋራ ቁራጭ የሚገኝበት ጊዜም እንደነበር የዘመኑ ሰዎች ይናገራሉ። ከዚያ ገንፎ አጠገብ አንድ ሳህን ጉክባፕ፣ አጥንቱ የታጠበ፣ ሩዙ የሞቀ፣ ሥጋው የተቆረጠ፣ ምን ያህል ክብር እንደነበረው አስቡት። የሚበላው ሰው ቤት የለውም፤ ነገር ግን ለእርሱ ተብሎ የተሠራ ምግብ ከፊቱ ቀርቧል።

ድስቱን የጣዱት በአመዛኙ ሴቶች ነበሩ። ባል የሞተባት፣ ወይም ባሏ በየትኛው ግንባር እንዳለ የማታውቅ ሴት፣ ካፒታሏ አንድ ድስትና ጥቂት ጎድጓዳ ነው። (የብድር ክፍል ባልደረቦቼ እንዲህ ያለችውን አመልካች ዋስትና የላትም ብለው እንደሚመልሷት አውቃለሁ።) ዛሬም በቡሳን ብዙ ጉክባፕ ቤቶች «ሃልሜ» የሚል ቃል በስማቸው ውስጥ አለ፤ በአካባቢው ዘዬ አያት ማለት ነው። ያ ቃል በሰሌዳ ላይ የተሰቀለው ለጌጥ አይደለም።

ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች የሚሆን አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። በዚያች ከተማ የታጎሩት ገበሬና ነጋዴ ብቻ አልነበሩም። የሴኡል ደራስያን በቡሳን መሐል ከተማ «ሚልዳወን» በተባለ ሻይ ቤት ተሰብስበው አንድ ስኒ ይዘው ውለው ያመሹ ነበር፤ ኪም ዶንግ-ኒ በ1955 ያሳተመው «የሚልዳወን ዘመን» የሚያወሳው ያን ጊዜ ነው። ከወንሳን የተፈናቀለው ሠዓሊ ኢ ጁንግ-ሶፕ ሸራ የሚገዛበት ሲያጣ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለው የብር ወረቀት ላይ እየጫረ ሥዕሉን ይሠራ ነበር። ረኀቡ ስለጸናባቸው ሚስቱና ሁለት ልጆቹ በ1952 ወደ ጃፓን ሄዱ፤ እርሱ በ1956 በ40 ዓመቱ ብቻውን ሞተ። የብር ወረቀቱ ዛሬ በሙዚየም ተቀምጧል። እርሱም እንደ ሴቶቹ በእጁ ባለው ነገር ተክቶ ነው የሠራው፤ የእነርሱ ሥራ ግን በየምሽቱ ተበልቶ ያልቅ ስለነበር ሙዚየም የሚገባ ነገር አልተረፈውም።

በሜይ 1951 መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በዚህችው ወደብ አንድ መርከብ ደረሰ። የያዘው በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ የሚመራውን የመጀመሪያውን ቃኘው ሻለቃ ነበር። ከጅቡቲ ተነሥተው ለሳምንታት ባሕር ላይ ቆይተዋል። ስማቸው የራስ መኰንን የዐድዋ ፈረስ ስም ነው። ቡሳን አርፈው፣ መሣሪያ ተረክበውና ሠልጥነው ወደ ግንባር ሄዱ፤ በአሜሪካው 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ሆነው ተዋጉ። ሻለቆቹ ተራ በተራ ተተካክተው ጦርነቱ እስኪያበቃ ከ120 በላይ ሞተውባቸዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል፤ አንድም አልተማረከም። በቡሳን በ1951 በተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ዛሬ የኢትዮጵያውያን አጽም የለም፤ ሁሉም ወደ አገራቸው ተመልሰዋልና።

ይህን ታሪክ የምንነግረው ሁልጊዜ በኮረብታ ስምና በጀብዱ ነው፤ መነገሩም ተገቢ ነው። ዘማቾቹ ግን ኮረብታው ላይ ከመድረሳቸው በፊት ያዩት ያን ወደብ፣ ያን ጢስ፣ ያን ሕዝብ ነበር። ከዚያ ድስት ቀመሱ ብዬ አልጽፍም፤ ልማዳቸውም አይፈቅድላቸውም ነበር። ነገር ግን የወደቡ ድስቶች በሚፈሉበት ሰሞን በዚያ መንገድ አልፈዋል።

በልጅነቴ በሰፈራችን አንድ የኮርያ ዘማች ሻምበል ባሻ ነበሩ፤ እኛ ልጆቹ «አባባ» እንላቸው ነበር። ሜዳሊያቸውን የሚያደርጉት በበዓል ቀን ብቻ ነው። ስለ ውጊያው ስንጠይቃቸው በአጭሩ ይመልሱና ዝም ይላሉ። ሳይጠየቁ የሚያወሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «የቆርቆሮው ድምፅ ነው፣ ልጆቼ» ይሉን ነበር። «ምሳ ልንቀበል ስንሰለፍ ሕፃናቱ ከሽቦው ማዶ የቆርቆሮ ጣሳቸውን ይዘው ይቆማሉ። አይለምኑም፤ አያለቅሱም። ጣሳውን በድንጋይ ቀስ አድርገው ይመቱታል። ያን የሰማ ሰው እንዴት አድርጎ ይጎርሳል?» ከዚያ ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ኢትዮጵያውያን ዘማቾች በ1953 በቶንግዱቾን ከተማ ለጦርነቱ ወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ማቋቋማቸውን ኋላ ባነበብሁ ጊዜ የተሰማኝ ያ ጣሳ ነው።

ጦርነቱ በጁላይ 27 ቀን 1953 በተኩስ ማቆም ስምምነት ጋብ አለ። መንግሥቱ ወደ ሴኡል ተመለሰ፤ ደራስያኑም ተመለሱ። የሰሜኑ ሰው ግን የሚመለስበት አገር አልነበረውም፤ ድንበሩ ተዘግቷል። ለጥቂት ቀን ብሎ የጣደውን ድስት ሳያወርድ ኖረ።

ይህ ሾርባ ከቡሳን ውጭ በብዙኃኑ ዘንድ ስሙ የገነነበት አንድ አጋጣሚ አለ፤ በ2013 የወጣው «ጠበቃው» የተባለው ፊልም። ሶንግ ካንግ-ሆ የሚጫወተው ገጸ ባሕርይ በድኽነቱ ጊዜ በአንዲት ሴት ጉክባፕ ቤት በልቶ ሒሳቡን ሳይከፍል ሮጦ ያመለጠ ወጣት ነው። ከዓመታት በኋላ ባለገንዘብ ጠበቃ ሆኖ ቤተ ሰቡን ይዞ ይመለሳል፤ ዕዳውን ከነወለዱ ሊከፍል ገንዘብ ያወጣል። ሴትዮዋ ግን ገንዘቡን አልቀበልም ትላለች፤ የቆየ ዕዳ የሚከፈለው ፊትን እያሳዩ፣ በእግር እየተመላለሱ ነው የምትል ሴት ናት። ሙያዬ ነውና እዚህ ላይ ፊልሙን አቁሜ ጥቂት አስቤያለሁ። በእኛ መዝገብ ውዝፍ ዕዳ ወይ ይሰበሰባል ወይ ይሰረዛል፤ «በመመላለስ የሚከፈል» የሚል ዓምድ የለንም። ጠበቃው ይመላለሳል፤ የሴትዮዋ ልጅ በፖለቲካ ሲታሰርና ሲሠቃይም ጥብቅና ይቆማል።

ፊልሙ ልብ ወለድ ቢሆንም ሥሩ እውነት ነው። በ1981 በቡሳን መጽሐፍ እየተዋሱ አብረው ያነቡ የነበሩ ከ20 በላይ ተማሪዎች፣ መምህራንና ሠራተኞች ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ተይዘው ተደብድበዋል፤ ተፈርዶባቸዋልም። ከጠበቆቻቸው አንዱ የነበረው ሮ ሙ-ህዮን ከ2003 እስከ 2008 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆኗል። ከተከሳሾቹ አምስቱ በ2014 በጠቅላይ ፍርድ ቤት በመጨረሻ ነጻ ተብለዋል፤ ከ33 ዓመት በኋላ። የፊልሙ ሠሪዎች ለዚህ ታሪክ ሌላ ምግብ ቤት፣ ዓሣ ቤት ወይም ሻይ ቤት፣ መምረጥ ይችሉ ነበር። የቡሳን ሰው ግን ከፍሎም ሳይከፍልም የሚበላበት ቤት የትኛው እንደሆነ ያውቃል።

ዛሬ በሶምዮን ገበያ አጠገብ ጉክባፕ ቤቶቹ ጎን ለጎን የተደረደሩበት መንገድ አለ፤ ድስቶቹ ከደጁ ሲፈሉ ይታያሉ። የሩዝ ማሞቂያ በየቤቱ ስለገባ ቶርዮም የሚያደርጉት እየቀነሱ ነው። «ታሮ ጉክባፕ» በሚባለው አቀራረብ ሩዙ ክዳን ባለው የብረት ሳህን ለብቻው ይመጣል፤ ንጹሕ ነው፤ ትኩስም ነው። ወጣቶቹ አንድ ማንኪያ ከዚህ፣ አንድ ማንኪያ ከዚያ እያሉ ይበላሉ። አንዳንድ ሽማግሌዎች ግን ክዳኑን ከፍተው ሩዙን እንዳለ ሾርባው ውስጥ ይገለብጡታል።